ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እና ከጨጓራና ከአንጀት ሽፋን በታች የሚበቅሉ ዕጢዎች ምደባ

ከጨጓራና ከአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በታች፣ በግድግዳው ውስጥ የሚበቅሉ ዕጢዎችን በየዓይነታቸው መለየት ለፓቶሎጂ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ዕጢው በጤናማ ሽፋን የተከደነ ስለሆነ በኢንዶስኮፒ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ እብጠት ብቻ ነው፤ በተለመደው መቆንጠጫ የሚወሰደው ናሙናም ብዙ ጊዜ ከጤናማው ሽፋን አያልፍም። ናሙናው ከጥልቁ ቢገኝ እንኳ ችግሩ አያበቃም። ከጡንቻ፣ ከነርቭ መጠቅለያና ከሌሎች ኅብረ ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች በአብዛኛው የእንዝርት ቅርጽ ባላቸው ሕዋሳት የተሠሩ በመሆናቸው በተለመደው ማቅለሚያ ሥር እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ከእነዚህ ዕጢዎች መካከል በጨጓራ በብዛት የሚገኘውና ዛሬ ጋስትሮኢንቴስቲናል ስትሮማል ቲዩመር፣ በአጭሩ ጂስት፣ የሚባለው ራሱን ችሎ ሊለይ የቻለው፣ አንድ ስፔናዊ ሐኪም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጥንቸል አንጀት ውስጥ ካዩት ሕዋስ ጋር ያለው ዝምድና ከታወቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በአንጎል ጥናታቸው ስለሆነ የአንጀቱ ሥራቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሆኖም ሰውየው ምን ያህል በትክክል እንዳዩ፣ ያዩትንም ምን ያህል በስሕተት እንደሰየሙ ከዚህ ሥራ በላይ የሚያሳይ የለም።

ካኻል እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1852 በሰሜን ስፔን ፔቲያ ዴ አራጎን በተባለች ትንሽ የተራራ መንደር ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ዶን ኹስቶ ራሞን ከድህነት ተነሥተው በራሳቸው ጥረት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የበቁ፣ ብርቱና ጥብቅ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ሥዕል እንጂ ሕክምና አልማረካቸውም። በተገኘው ወረቀትና ግድግዳ ላይ ይስሉ ነበር፤ አባት ይህን እንደ ሥራ ፈትነት ቆጠሩት። በትምህርት ቤት የታወቁ አስቸጋሪ ተማሪ ነበሩ፤ በአሥራ አንድ ዓመታቸው በገዛ እጃቸው በሠሩት መድፍ የጎረቤት በር ሰብረው ለጥቂት ቀናት ታስረዋል። አባት ለቅጣትም ለትምህርትም ብለው በአንድ ወቅት ለፀጉር አስተካካይ፣ በሌላ ጊዜ ለጫማ ሰፊ አሳልፈው ሰጧቸው።

መንገዱ የተቀየረው በ1868 ክረምት ነው። አባት የአካል አሠራርን ለማስተማር ልጁን ወደ አሮጌ የመቃብር ስፍራ ወስደው የሰው አጥንት አስለቀሟቸው፤ ልጁም አጥንቶቹን መሳል ጀመሩ። አባት ሊያጠፉት የሞከሩት የሥዕል ፍቅርና ሊያስተምሩት የፈለጉት አናቶሚ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ በካኻል ሕይወት ውስጥ ማየትና መሳል ተለያይተው አያውቁም።

በ1873 ከሳራጎሳ በሕክምና ተመርቀው ወዲያው ለውትድርና ተመለመሉ። በ1874 የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆነው ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኩባ ተላኩ። በረግረግ መካከል በተሠራ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ወባ ያዛቸውና በቀጣዩ ዓመት ከስተው ተመለሱ፤ ጥቂት ቆይቶም የሳንባ ነቀርሳ ጨመረባቸው። በ1877 ለዶክትሬት ፈተና ማድሪድ በሄዱ ጊዜ ግን በማይክሮስኮፕ የተዘጋጁ ናሙናዎችን አይተው ተማርከው ነበርና ወደ ሳራጎሳ ሲመለሱ በራሳቸው ወጪ በቤታቸው አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። በ1879 ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገቡ። በ1883 በቫሌንሲያ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1885 ኮሌራ ስፔንን ባጠቃ ጊዜ ስለ በሽታው ላቀረቡት ጥናት የሳራጎሳ አውራጃ ምክር ቤት ምስጋናውን በገንዘብ ፋንታ በዘመናዊ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ገለጸላቸው። እስከዚያ ድረስ ይሠሩባቸው ከነበሩት መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ስጦታ ትልቅ እርምጃ ነበር።

በ1887 ሁለት ነገሮች ተከሠቱ። የመጀመሪያው ወደ ባርሴሎና ተዛውረው የሂስቶሎጂና የበሽታ አናቶሚ ወንበር መያዛቸው ነው። ካኻል የነርቭ ተመራማሪ ብቻ ተደርገው ስለሚታሰቡ ይህ የማዕረጉ ሁለተኛ ክፍል ይረሳል፤ ነገር ግን ለረጅም ዓመታት ስለ ዕጢዎች ያስተምሩ ነበር፤ በ1890ም ስለ አጠቃላይ የበሽታ አናቶሚ የመማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለተኛው ማድሪድ ውስጥ ሉዊስ ሲማሮ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ያሳዩአቸው ስላይድ ነው። ስላይዱ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ይፋ ባደረጉት ዘዴ የተቀለመ ነበር። ኅብረ ሕዋሱ በፖታስየም ባይክሮሜት ከጠነከረ በኋላ በብር ናይትሬት ሲነከር ከብዙ ሕዋሳት ጥቂቶቹ ብቻ፣ እነርሱም ከነቅርንጫፎቻቸው ሙሉ በሙሉ ይጠቁራሉ፤ የቀሩት ብርሃን አሳላፊ ሆነው ይቀራሉ። ዘዴው ግን አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም በሚል ብዙዎች ትተውት ነበር። ካኻል ማንከሪያውን በመደጋገም አሻሻሉት፤ ጥቅጥቅ ካለው ከአዋቂ አንጎል ይልቅም የፅንስና የጨቅላ እንስሳትን ኅብረ ሕዋስ መረጡ።

በሜይ 1888 ውጤታቸውን የሚያወጡበት መጽሔት ስላጡ የራሳቸውን መጽሔት መሠረቱ። ስድሳ ቅጂ አሳተሙ፤ አብዛኛውን ለውጭ አገር ሊቃውንት ላኩ፤ ወጪውን የቻሉት ልጆች እየበዙበት ከሚሄደው የቤታቸው ኑሮ ቀንሰው ነው። የነርቭ ሕዋሳት ጎልጂ እንደሚሉት ተዋሕደው አንድ ቀጣይ መረብ እንደማይፈጥሩ፣ ይልቁንም እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ አካል ሆኖ ከሌላው ጋር በመነካካት ብቻ እንደሚገናኝ ጻፉ። መልስ አልመጣም። በኦክቶበር 1889 ማይክሮስኮፓቸውን ይዘው በርሊን በተካሄደው የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተገኙና ስላይዶቻቸውን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ አሳዩ። በዘመኑ ከነበሩት የሂስቶሎጂ ሊቃውንት እጅግ የተከበሩት አልበርት ፎን ኮሊከር ጎንበስ ብለው አይተው አመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የካኻል ስም ከስፔን ውጭ ተሰማ። በ1891 ዋልዳየር ይህን የነርቭ ሕዋስ ኒውሮን ብለው ሰየሙት።

የአንጀቱ ሥራ የተከናወነው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ካኻል በ1892 ወደ ማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ በ1893ም ስለ አጥቢ እንስሳት አንጀት የነርቭ ጉብታዎችና መረቦች አንድ ጥናት አሳተሙ። የአንጀት ግድግዳ ሁለት የጡንቻ ድርብርብ አለው፤ የውስጠኛው ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ የውጭኛው በቁመት ይዘረጋል። በሁለቱ መካከል አውርባክ የገለጹት የነርቭ መረብ ይገኛል። ካኻል የጎልጂን ዘዴና ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ተጠቅመው ይህን አካባቢ ሲመረምሩ፣ በነርቭ ጫፎችና በጡንቻ ሕዋሳት መካከል የቆሙ ሌሎች ትናንሽ ሕዋሳት አገኙ። አንዳንዶቹ እንደ እንዝርት ሾጠጥ ያሉ፣ ሌሎቹ እንደ ኮከብ ቅርንጫፍ ያወጡ ነበሩ። ገላቸው አነስተኛ፣ ክንዶቻቸው ግን ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ የነርቭ ዘለላዎችን ይከባሉ፣ በጡንቻ ድርድሮች መካከልም ይገባሉ። ካኻል በመካከል የሚገኙ ሕዋሳት አሏቸውና እያንዳንዱን ንብርብር በየቦታው ሳሉት።

ለጥያቄው ትልቅ የሆነው ግን ሕዋሳቱ ምንድን ናቸው የሚለው ነው። ካኻል ኒውሮን ናቸው ብለው ደመደሙ፤ ያልረቀቁ፣ ጥንታዊ ዓይነት ኒውሮኖች፣ የጡንቻውን መኮማተር የሚያግዙ። ምክንያታቸው ለዘመኑ የማይናቅ ነበር፦ ነርቭ የሚቀበለውን ቀለም ተቀብለዋል፣ ከነርቭ ጋር አብረው ይገኛሉ፣ ቅርንጫፋቸውም የነርቭ ይመስላል። ነገር ግን ኒውሮን ሊኖረው የሚገባው ረጅም ዘንግ፣ አክሰን የሚባለው፣ አልታየባቸውም። በዚህም የተነሣ ኮሊከርን ጨምሮ ሌሎች ሊቃውንት ሕዋሳቱን ከአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ወገን መደቧቸው። ከዚህ የባሰ እንግዳ ነገርም ነበር። ክንዶቻቸው እርስ በርስ የተያያዙ መስለው መረብ ይሠሩ ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ መረብ የለም ብለው ለተከራከሩ ሰው ይህ ምቹ አልነበረም። ቢሆንም ካኻል ያዩትን ለመከራከሪያቸው ብለው አላስተካከሉትም፤ እንደታያቸው ሳሉት። ስያሜውንም አልተዉም፤ በ1911 የተጠናቀቀው ታላቁ የነርቭ ሥርዓት ሂስቶሎጂ መጽሐፋቸው የፈረንሳይኛ እትም ያንኑ አቋም ይዟል።

የቀረው የሕይወታቸው ክፍል በክብር የተሞላ ነው፤ በሰፊው የተጻፈበትም ስለሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። በ1894 በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ክሩኒያን ንግግር አደረጉ። በ1906 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከጎልጂ ጋር ተካፈሉ፤ ጎልጂ በስቶክሆልም መድረክ ላይ ያሰሙት ንግግር የተካፋያቸውን መሠረታዊ ሐሳብ የሚቃወም ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘዴ፣ በአንድ ዓይነት ስላይድ ላይ ተመሳሳይ ነገር እያዩ ተቃራኒ ነገር ደምድመዋል።

ከዚህ በኋላ ከነበሩት ዓመታት አንድ ነገር ግን ለዚህ ርእስ ቅርብ ነው። ካኻል በ1913 ባወጡት የወርቅ ማቅለሚያ በአንጎል ውስጥ ከኒውሮንና ከአስትሮሳይት ሌላ ክንድ የሌላቸው የሚመስሉ ሕዋሳት ስላዩ ሦስተኛው አካል ብለው በአንድነት ጠሯቸው። ተማሪያቸው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ሌላ የብር ማቅለሚያ ፈጥረው ሕዋሳቱ ክንድ እንዳላቸው፣ ደግሞም ማይክሮግሊያና ኦሊጎዴንድሮግሊያ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች እንደሆኑ አሳዩ። መምህሩ ይህን በቀላሉ አልተቀበሉም። ግንኙነታቸው ሻክሮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1920 ከላቦራቶሪው ወጡ፤ በኋላም የአንጎል ዕጢዎችን ከተገኙባቸው ሕዋሳት ወገን በመነሣት በመመደብ ታወቁ። አንድ ማቅለሚያ የማያሳየውን ሌላው ያሳያል፤ በአንዱ ማቅለሚያ ላይ ብቻ የቆመ ስም የሚጸናውም ሌላ እስኪመጣ ነው። ካኻል ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ በራሳቸው ስያሜ ላይ ሲደርስ ግን መቀበሉ ከበዳቸው።

ካኻል በ1922 ከማስተማር በጡረታ ተገለሉ። በ1930 ባለቤታቸው አረፉ። በ1933 የኒውሮንን አስተምህሮ የሚከላከል የመጨረሻ ሰፊ ጽሑፋቸውን አሳተሙ፤ ኦክቶበር 17 ቀን 1934 በማድሪድ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። የአንጀቱ ሕዋስ ጥያቄ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከጨጓራና ከአንጀት ሽፋን በታች የሚወጡ የእንዝርት ሕዋስ ዕጢዎች በአብዛኛው ከጡንቻ እንደመጡ ይቆጠሩ ነበር። ደግ የሚመስለው ሊዮማዮማ፣ ክፉው ሊዮማዮሳርኮማ ይባል ነበር፤ ሕዋሳቱ ክብ ብለው ከተገኙም በ1960ዎቹ ሊዮማዮብላስቶማ የሚል ስም ተጨመረ። የስያሜው ምክንያት ከካኻል ምክንያት ብዙም አይርቅም። ቅርጹ የጡንቻ ይመስላል፣ በጡንቻ መካከል ይገኛል፣ ስለዚህ ጡንቻ ነው። የስሕተቱ ዋጋ ግን የተለየ ነበር። በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ታካሚዎች እንደ ሌሎች የጡንቻ ሳርኮማዎች በኬሞቴራፒ ይታከሙ ነበር፤ ከእነርሱ የሚሻላቸው እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሐኪሞች መድኃኒቱ ለምን እንደማይሠራ ሊያውቁ አልቻሉም፤ በአንድ ስም ሥር የተለያዩ በሽታዎች ተጠቃለው ነበርና።

ማዙርና ክላርክ በ1983 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና በፕሮቲን ማቅለሚያ ሲመረምሩ ከእነዚህ የጨጓራ ዕጢዎች ብዙዎቹ የጡንቻ ምልክት እንደሌላቸው አሳዩ። ከምን እንደመጡ ስላልታወቀ ስትሮማል የሚል ለዘብ ያለ፣ ምንም የማይወስን ስም ሰጧቸው። በሌላ መስመር ደግሞ የካኻል ሕዋሳት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተመረመሩ ኒውሮን አለመሆናቸው ግልጽ ሆነ። ቱነበርግ በ1982 ሕዋሳቱ የአንጀትን ምት የሚያመነጩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1992 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ኪት የተባለውን ተቀባይ ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ ለጨቅላ አይጦች ሲሰጡ የአንጀታቸው እንቅስቃሴ ተዛባ። በ1995 የኪት ጂናቸው ጉድለት ያለበት አይጦች ከአውርባክ መረብ አካባቢ የካኻል ሕዋሳት እንደሌሏቸው፣ አንጀታቸውም ዘገምተኛውን የኤሌክትሪክ ሞገድ እንደማያመነጭ ተረጋገጠ። ካኻል በስሕተት ኒውሮን ያሏቸው ሕዋሳት በእርግጥም በነርቭና በጡንቻ መካከል ያገለግላሉ፤ እርስ በርሳቸውም በእርግጥ የተያያዙ ናቸው። ስሙ ወደቀ እንጂ ሥዕሉ አልወደቀም። ሕዋሳቱ የት እንደሚገኙ፣ ምን እንደሚነኩ በትክክል ስለተመዘገበ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ኪት የተባለ ምልክት የት መፈለግ እንዳለበት የታወቀ ነበር።

ሁለቱ መስመሮች የተገናኙት በ1998 ነው። ሂሮታና ባልደረቦቻቸው ከአምስት ስትሮማል ዕጢዎች የተወሰደውን የኪት ጂን ሲያነቡ ሚውቴሽን አገኙ። የተለወጠው ፕሮቲን ከውጭ ምልክት ሳይጠብቅ ሁልጊዜ ሕዋሱን እንዲባዛ ያዛል። ዕጢዎቹ እንደ ካኻል ሕዋሳት ኪትንና ሲዲ 34ን ስለሚይዙ መነሻቸው እነዚሁ ሕዋሳት ሊሆኑ እንደሚችሉ ተጻፈ። ኪንድብሎምና ባልደረቦቻቸውም በዚያው ዓመት ዕጢው የምት አመንጪ ሕዋሳት ዕጢ ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2000 ለደም ካንሰር የተዘጋጀው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ኪትን ስለሚያግድ ፊንላንድ ውስጥ የተሠራጨ ጂስት ላለበት ታካሚ ተሰጠ፤ ዕጢውም በሚያስደንቅ ሁኔታ ቀነሰ። በ2002 መድኃኒቱ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቀደ። ቀድሞ ሊዮማዮሳርኮማ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ታካሚ ይህን መድኃኒት የሚያገኝበት ምክንያት አልነበረም።

አሁን ባለው አሠራር ከሽፋን በታች ያለ ዕጢ በመጀመሪያ የሚመረመረው በየትኛው የግድግዳ ንብርብር እንዳለ ነው። ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ግድግዳውን በአምስት ንብርብሮች ያሳያል። በሦስተኛው፣ ማለትም ከሽፋኑ ሥር ባለው ንብርብር፣ በነጭ የሚያበራ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የስብ ዕጢ ነው፤ ከአራተኛው፣ ማለትም ከጡንቻው ንብርብር፣ የሚነሣ ጠቆር ያለ ዕጢ ጂስት፣ ሊዮማዮማ ወይም ሽዋኖማ ሊሆን ይችላል። ቦታውም ይረዳል፤ በምግብ ቧንቧ ሊዮማዮማ ይበዛል፣ በጨጓራ ደግሞ ጂስት። የመጨረሻው ፍርድ ግን ከጥልቁ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው። ኪትና ዶግ 1 ከታዩ ጂስት፣ ዴዝሚን ከታየ የጡንቻ ዕጢ፣ ኤስ 100 ከታየ ደግሞ የነርቭ መጠቅለያ ዕጢ መሆኑ ይገመታል። የአደገኛነቱ መጠንም በዕጢው ስፋት፣ በሚከፋፈሉት ሕዋሳት ብዛትና በተገኘበት አካል ይለካል።

ይህም ምደባ የተዘጋ አይደለም። በ2003 የኪት ሚውቴሽን የሌላቸው አንዳንድ ጂስቶች ፒዲጂኤፍአርኤ በተባለ ተዛማጅ ጂን ላይ ለውጥ እንዳላቸው ተገኘ። ከእነርሱም ዲ842ቪ የተባለው ለውጥ ያለበት ዕጢ ለኢማቲኒብ አይበገርም። በልጆችና በወጣቶች ጨጓራ የሚታዩ ሌሎች ጂስቶች ደግሞ ሁለቱም ለውጦች የሌሉባቸው ሆነው ሱክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም የጎደላቸው ናቸው። ዕጢው በቀጥታ ከካኻል ሕዋሳት ይነሣ ወይስ ሁለቱ ከሚጋሩት ቀዳሚ ሕዋስ የሚለውም አሁን ድረስ ይጠናል። የምት አመንጪ ሕዋሳት ዕጢ የሚለው ስም በአገልግሎት አልጸናም፤ ማዙርና ክላርክ ባለማወቅ ጊዜ የሰጡት ስትሮማል የሚለው ቃል ቀረ። የካኻል ስም በሕዋሱ ላይ ብቻ ይገኛል።